ፈሪው ኤልደርና የአምስት ቀኑ ሥልጠና

በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየዕድሩና በየታክሲው አንድ ፈሪ ይመደባል። ማን እንደሚመድበው አላውቅም፤ ሳይመደብ የቀረበትን ቦታ ግን እስካሁን አላየሁም። ሹፌሩን «ቀስ በል እንጂ ወንድሜ» የሚለው እሱ ነው። የቆለፈውን በር ተመልሶ የሚነካካው፣ ስልክ በጠራ ቁጥር «ምን ተፈጠረ?» ብሎ የሚያነሳው፣ ሆቴል ሲገባ ከምግቡ ዝርዝር በፊት መውጫውን የሚያየው እሱ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ አጎታችሁ ወይም የሥራ ባልደረባችሁ ይሆናል። የእናንተው ግን ቢያንስ ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእኔው ሃያ አራት ሰዓት ከጎኔ አይለይም ነበር፤ ያውም በሕግ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሐዋሳ ውስጥ የሞርሞን ሚስዮናዊ ነበርኩ። ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር ባጅ አድርገው የታቦርን ዳገት ሁለት ሁለት ሆነው ሲወጡ ያያችኋቸው ልጆች ካሉ አንዱ እኔ ልሆን እችላለሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ትነሳለህ፣ ታጠናለህ፣ ወጥተህ ሰው ታናግራለህ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ትገባለህ። ሰኞ ልብስህን አጥበህ ቤተሰብህ ጋ ትደውላለህ፤ እኔ ለእህቴ ለብሌን ነበር የምደውለው። ቡና የለም፣ ሻይ የለም፣ ፍቅረኛም የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብቻህን መሆን የለም። አጣማጅህ ከዓይንህም ከጆሮህም መራቅ የለበትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻህን የምትሆነው ሽንት ቤት ውስጥ ነው።

ባጁ ላይ የሚጻፈው የራስህ ስም ሳይሆን የአባትህ ስም ነው። ፈረንጆቹ የሚጠራሩት በቤተሰብ ስም ስለሆነ እኛም በዚያው ተጻፍን። ስለዚህ እኔ «ኤልደር አሰፋ» ነበርኩ፤ አጣማጄ ዮፍታሄ ደግሞ «ኤልደር ሰለሞን»። ኤልደር ማለት ሽማግሌ ማለት ነው። ጢማችን በቅጡ ያልበቀለ የሃያ ዓመት ሽማግሌዎች። አከራያችን ወይዘሮ ብርቱካን ትርጉሙን የሰሙ ዕለት «ሽማግሌዎቼ፣ የማንን ልጅ ልትጠይቁ ነው የመጣችሁት?» ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁብን።

እንግዲህ ክቡር ሽማግሌ ዮፍታሄ በመጀመሪያ ደረጃ ውሻ ይፈሩ ነበር። «ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ያለበት በር ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ፤ ጽሑፍ የሌለበት በር ሲያዩ ደግሞ «ሳይጽፉ ረስተውት ቢሆንስ?» ይላሉ። ባጃጅ ላይ መሃል ካልሆነ አይቀመጡም። እኛ ደግሞ ሁለት ነን። መሃል የሚባል ቦታ እንዲገኝ ሦስተኛ ተሳፋሪ እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ቆመን እንጠብቃለን። ለምን ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ለጥንቃቄ ነው።»

አንድ ሰኞ ዓሣ ልንበላ አሞራ ገደል ወረድን። አባ ኮዳ፣ ያ መላጣው ትልቁ ወፍ፣ መንገዳችን መሃል ላይ ቆሞ ጠበቀን። የሰፈሩ ልጆች ገፋ አድርገውት ነው የሚያልፉት። ክቡርነታቸው ግን ጥግ ይዘው ቆሙና «መጀመሪያ እሱ ይለፍ» አሉኝ በሹክሹክታ። ወፉ የሚያልፍበት ጉዳይ አልነበረውም። ዓሣውን ሳንቀምስ ተመለስን።

ይኼ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ዮፍታሄ ከውሻም ከወፍም አብልጦ የሚፈራው ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ማለትን ነበር። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ተማሪ ልንጋብዝ ቆመን፣ ሕዝቅያስ የሚባል የፕሮቴስታንት ልጅ መጥቶ እሱኑ ጋበዘው። እሺ አለ። ሌላውም ጋበዘው፤ እሺ አለ። ሰው ልንጠራ ወጥተን እኛው በአንድ እሑድ ሦስት ቤተ ክርስቲያን ተጠርተን ገባን።

የቡናው ጉዳይ ከዚህም የባሰ ነው። ወይዘሮ ብርቱካን አንድ ከሰዓት ስኒ ሲያቀብሉት እንደ ልማዱ ተቀበለ። በእጁ እንደያዘው ቀዘቀዘ። «ምነው ልጄ፣ አልጣመህም?» አሉት። «ሃይማኖቴ አይፈቅድም» ማለት ሁለት ቃል ነው። ዮፍታሄ ግን «ጨጓራዬን ያመኛል» አለ። ጨጓራ በዚህ አገር ምን እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ፤ መድኃኒቱን የማያውቅ ሰው የለም። በማግሥቱ ተልባ መጣለት፤ በሦስተኛው ቀን አብሽ። ጎረቤታችን ነርስ ሮማን በባዶ ሆድ የሚወሰድ ኪኒን ይዛ መጣች። ሁሉንም እሺ ብሎ ወሰደ። ጤነኛው ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእውነት ሆዱን መታመም ጀመረ።

እኔ ደግሞ ሳቄን አልቆጥብም ነበር። «አንተ እኮ ቀባሪዎችህንም እሺ ነው የምትላቸው» እለው ነበር።

ከዚያ አንድ ሰኞ ደብረ ብርሃን፣ እናቱ ወይዘሮ ተዋበች ጋ ደወለ። አጠገቡ ተቀምጬ ካልሲ እያጠብኩ ነበርና ሁሉንም ሰማሁ። «አባትህ ሐዋሳ ሥልጠና አለበት፤ ረቡዕ ይገባል» አሉት። «ልጄን ይዤው ነው የምመለሰው ብሏል። እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።»

ሐዋሳ የስብሰባ ከተማ ናት። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ አንድ ቀን ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ደጃፍ ላይ የሥልጠና ቦርሳ አንግቶ መታየቱ አይቀርም። ያን ሰሞን ተራው የአቶ ሰለሞን ሆነ። አቶ ሰለሞን የሰንበቴ ማኅበራቸው ጸሐፊ ናቸው። ልጃቸው ሃይማኖቱን ለውጦ ሚስዮን ከወጣ ጀምሮ፣ አሥራ አንድ ወር ሙሉ፣ አንድ ቃል አላናገሩትም።

«ይመቱሃል?» አልኩት።

«መትተውኝ አያውቁም።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሃል?»

ዮፍታሄ ስልኩን አስቀመጠ። «‹ተነስ እንሂድ› ካሉኝ እሄዳለሁ። መሄድ አልፈልግም፤ ግን እሄዳለሁ። እምቢ ብያቸው አላውቅማ! እንዴት እንደሚባልም አላውቅም።»

ያን ሳምንት ሐይቅ ዳር አካባቢ ዝር አላልንም። በተከታታይ ሦስት ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ቡሹሎ ሄድን፤ በቆሎ የሚኮተኩቱት ገበሬዎች በሦስተኛው ቀን «ዛሬም?» አሉን። ከተማ ውስጥ ቦርሳ ያነገተ ጎልማሳ ባየን ቁጥር ዮፍታሄ ሱቅ ውስጥ ይገባና የማይፈልገውን ክብሪት ይጠይቃል። ፍርሃት እንደ ጉንፋን ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ከታመመ ጋር ካደርክ ይይዝሃል። ሐሙስ ዕለት አንድ ባለ ቦርሳ ከሩቅ ሲመጣ፣ ዮፍታሄን ክንዱን ይዤ ወደ ጥግ የጎተትኩት እኔ ነበርኩ።

ዓርብ አባቱ ራሳቸው ደወሉ። «ነገ አራት ሰዓት ሆቴሉ ግቢ እጠብቅሃለሁ» ብቻ ነው ያሉት። መልሱን መናገር አያስፈልገኝም። እሺ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ሻንጣውን አልጋው ላይ ከፍቶ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ሲከት አገኘሁት።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ለጥንቃቄ ነው» አለኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቅኩም። በመንገዳችን ላይ የአንድ ግቢ ውሻ ወጥቶ እግሩ ሥር ሲጮህ ዮፍታሄ ዝም ብሎ አለፈ፤ ጭራሽ አላየውም። ያ ከምንም በላይ አስፈራኝ።

አቶ ሰለሞን ሐይቁን ወደሚያሳየው በረንዳ ወጥተው ተቀምጠዋል። አጠር ያሉ፣ ግራጫ ኮት የለበሱ ሰው ናቸው፤ አንገታቸው ላይ የሠልጣኝ ባጅ ተንጠልጥሏል። ሕጋችን ሕግ ነውና እኔ ሁለት ጠረጴዛ ርቄ፣ ሁሉም ነገር እየተሰማኝ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ለመቀመጥ ሞከርኩ። አልቻልኩም፤ ዞርኩ።

ልጁ ጉልበታቸውን ስሞ ተቀመጠ። አባት ደረቱን አዩት።

«ምንድን ነው የለጠፍከው?»

«የእርስዎ ስም ነው አባባ። እዚህ የምጠራው በእርስዎ ስም ነው።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ።»

አቶ ሰለሞን የራሳቸውን ባጅ ቀና አድርገው አዩት፤ ያው ስም ነው። አስተናጋጇን ጠርተው ሁለት ማኪያቶ አዘዙ። ማኪያቶው መጣ። «ጠጣ» አሉት።

ዮፍታሄ ስኒውን አየ። እኔ የማላውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለይኩ።

«ጨጓራህን ነው? ሆዱን ያመዋል ስትል ነበር እናትህ።»

መውጫው ይኸው፤ ያውም አባት ራሳቸው ከፈቱለት። አንድ ቃል ብቻ «አዎ» ቢል ይገላገላል።

«አይደለም አባባ፤ ጨጓራዬ ደህና ነው። ሃይማኖቴ ስለማይፈቅድ ነው። አልጠጣም።»

«ለነገ ሁለት ትኬት ቆርጫለሁ።»

«እኔ አልሄድም።»

ሁለት እምቢታ በአንድ ደቂቃ! ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ግጥም አድርጎ ይዞታል፤ ስኒዎቹ ሲንቀጫቀጩ እኔ ድረስ ይሰማኛል። አቶ ሰለሞን ወንበሩን ገፉና ተነሥተው ሄዱ። ዮፍታሄ ዞሮ አየኝ። አለቀ አልኩ በልቤ፤ ልጁ አባቱን አጣ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ አቶ ሰለሞን የሥልጠና ቦርሳቸውን ይዘው ተመለሱና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ውስጡ ሁለት ትልልቅ ፌስታል ነበረበት።

«ዳቦ ቆሎና በሶ ነው። እናትህ ናት» አሉ። «‹እምቢ ካለህ ስጠው፤ እሺ ካለህማ እቤቱ መጥቶ ይበላዋል› አለችኝ።»

«እምቢ ይላል ብላ ነበር?»

«እሷ ይላል አለች። እኔ ነኝ አይልም ያልኩት።» ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «ያንን ልጅ ጥራው፤ ከመጣን ጀምሮ እያየን ነው። አብረን እንቅመስ።»

ሄጄ ተቀመጥኩ። ባጄን አነበቡት። «የአሰፋ ልጅ ነህ?»

«አዎ አባ።»

«አባትህስ ይህን ሲሰሙ ምን አሉ?»

አሁን ልናዘዝ። ያን ሁሉ ወር በዮፍታሄ የሳቅኩት እኔ፣ አባቴን ሐዋሳ የምሄደው አንድ ድርጅት ቀጥሮኝ ነው ብዬው ነበር የወጣሁት። ለእህቴ ብቻ የምደውለውም ለዚህ ነው። ይህን በዓለም ላይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ብሌን፣ ሌላው አሁን አባቱ ፊት የተቀመጠው ልጅ። በሳቅኩበት ቁጥር ይህን ሊያነሳብኝ ይችል ነበር። አንድም ቀን አላነሳብኝም።

ዮፍታሄ ዳቦ ቆሎውን በእፍኙ ዘግኖ መዳፌ ላይ አደረገልኝና «መጀመሪያ ይብላ፣ አባባ» አለልኝ።

በሚቀጥለው ሰኞ ለአባቴ ደወልኩ። ስልኩ እየጠራ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ክቡርነታቸውም ኮታቸውን ሳያወልቁ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።