ግራው ስፒከር ባለቤቱን ሊቀይር ሲያስብ

ትናንት ማታ የስፒከር ዋጋ ስጠያይቅበት የዋልኩትን ስልክ ትራስጌዬ አድርጌ ተኛሁና ሕልም አየሁ።

ከሕልሙ በፊት የሆነውን ላስቀድም። ቤታችን ሁለት ስፒከሮች አሉ፤ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ በመጀመሪያ ደሞዜ የገዛኋቸው ናቸው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግራው ደከመብኝ። ባለቤቴ ትርሲት ግን ምንም አልሆነም ባይ ናት። ሰሞኑን ዕቁብ ወጣልን። ብሩ ወይ አዲስ ስፒከር ይገዛል ወይ የውሃ በርሜል፤ ለሁለቱም አይበቃም። እኔ ስፒከር ስል እሷ በርሜል ስትል መሸ።

«ግራው አይሠራም ካልክ ለልዋጭ እንስጠውና ሳፋ እንኳ ያምጣልን» አለች።

«ቆይ እናስብበት» አልኩና ተኛሁ።

በሕልሜ በር ተንኳኳ። የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ምትኩ ደረሰኝ ይዘው ቆመዋል።

«ጎረቤት ተቸግሯል» አሉኝ። «ቤታችሁ ዝም ካለ ሁለት ቀኑ። ሕፃናት እንቅልፍ አጡ።»

ይቅርታ ጠየቅኩና ድስት በጭልፋ መደብደብ ጀመርኩ። አቶ ምትኩ ትንሽ አዳመጡ፣ «እንዲህ በሰላም ብንኖር ምን አለበት» ብለው ሄዱ።

ከኋላዬ ጉሮሮ ተጠረገ። ግራው ስፒከር ከመደርደሪያው ወርዶ ኮቴን ለብሷል። ቀኝዋ ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቡ ቆማለች። ባልና ሚስት እንደሆኑ፣ እሱ ጋሽ ግራ፣ እሷ ደግሞ እትዬ ቀኝ እንደሚባሉ ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ።

«ጫማህን አድርግ» አሉኝ ጋሽ ግራ። «መርካቶ እንሄዳለን። አንተን በተሻለ ባለቤት ልንቀይርህ ነው።»

«ገና አልወሰንንም» አሉ እትዬ ቀኝ። «ጆሮውን ብናስጠርገው ይበቃዋል። በተረፈው ብር በርሜል እንገዛለን።»

«በርሜል ለስፒከር ምን ያደርጋል?»

«ይቀመጡበታላ።»

«ቆይ እናስብበት» አሉ ጋሽ ግራ። እኔም ትናንት ለትርሲት ያልኳት ይህንኑ ነበር።

ታክሲ ተራው ላይ ሚኒባሶች ተሰልፈው ሰው ይጠብቃሉ። አንዲት ዘንቢል ያንጠለጠሉ ሴትዮ ዳር ቆመው «የቀረ አንድ ታክሲ፣ አንድ ታክሲ ብቻ» እያሉ ይጣራሉ። ሚኒባሶቹ ተጋፉ፤ አንዱ መስታወቱ እየተሰበረ ቀደመ። አሥራ ሁለት ሰዎች ሆነን ተሸከምነውና መርካቶ ድረስ ወሰድነው። ሱቆቹ ጋ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ብሎ ከትከሻችን ወረደ። ጋሽ ግራ ጭነት እንደማይችሉ ነግረውን በእግራቸው ነበር የመጡት፤ ግን ቀድመውን ደርሰዋል።

ሱቁ ውስጥ መደርደሪያው ላይ ሰዎች ተደርድረዋል። አንዳንዶቹ ከነካርቶናቸው ናቸው። አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለው ወረቀት «ያገለገለ፣ ጉዳት የሌለበት»፣ «ሙዚቃ ሲሰማ የማያወራ»፣ «ሁለቱም ጆሮ ኦርጅናል» ይላል። ባለሱቁ ሰማያዊ ካፖርት የለበሰ አምፕሊፋየር ነው።

«አሮጌውን ተቀብዬ ልዩነቱን ትጨምሩልኛላችሁ» አለ። «እስቲ ይሞከር።»

ወንበር ላይ አስቀምጦ አንድ ገመድ በቀኝ ጆሮዬ ሰካ። ዘፈን ገባ፤ ጭንቅላቴ በራሱ ተወዛወዘ። ገመዱን ነቅሎ በግራ ሰካው። ምንም አልመጣም። ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ይጨፍራል፤ እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ።

«ግራው ሞቷል» አለ ባለሱቁ። «መቼ ነው የጀመረው?»

«ካለፈው ክረምት» አሉ ጋሽ ግራ። «በግራ በኩል ስንለው እሺ ይላል እንጂ አይሰማም።»

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ» አልኩ። «የደከሙት እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ ግራ።»

«ስንቱ ባለቤት እንዲህ ይላል መሰለህ» አለ ባለሱቁ። ቅር አላለውም።

እትዬ ቀኝ ከጉያቸው ብሩን አወጡ። ባለሱቁ በዓይኑ መዘነው።

«በዚህ ብር ጆሮ ብቻ ነው የሚደርሳችሁ። ሰውየው ለብቻው ነው የሚሸጠው።»

«ሙሉው ላይ ትንሽ ብትቀንስልን» አሉ ጋሽ ግራ።

«ጋሼ፣ የሙሉው ትርፉ እኔም ጋ የለም። ባይሆን ካርቶኑን በነፃ ልስጣችሁ።»

ወጣን። እኔ በባልና ሚስቱ መሀል እየሄድኩ በሆዴ እጸልያለሁ። ቀዳዳ ኮት ለብሼም ቢሆን እዚያው ቤቴ ብመለስ፣ ድስትም እየደበደብኩ ብኖር አይከፋኝም ነበር።

ከወዲያ ማዶ ጆንያ ያነገተ ቀይ ባልዲ መጣ።

«ልዋጭ፤ አሮጌ ወንድ፣ የተበላሸ ባል፣ የማይሰማ ጆሮ ያለው» እያለ ይጮሃል።

ጋሽ ግራ ቆሙ። በግራዬ በኩል ዞረው አንድ ነገር ጠየቁኝ። ሆዳቸው ሲርገበገብ ይታየኛል፤ ድምፅ ግን የለም። እንደልማዴ ራሴን ነቀነቅኩ።

«እሺ፣ ይሁን» አልኩ።

እትዬ ቀኝ በቀኜ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ምን እንዳሉህ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«በሳፋ እንለውጥህ ወይ ነው ያሉህ።»

ባልዲው ጆንያውን ከፈተ። ቀና ሰው ነበር፤ «ጫማህን አውልቅ፣ ይቆሽሻል» አለኝ። በጭንቅላቴ አስገባኝ።

ነቃሁ። ነግቷል። ቀኝ ጆሮዬ ትራሱ ውስጥ ተቀብሯል። ትርሲት በግራዬ በኩል ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በሩ ላይ አንድ ጆንያ ያነገተ ሰው ቆሞ ቁልቁል ያየኛል። የእንቅልፍ ነገር ሆኖ ራሴን ነቀነቅኩ። እንደገና አንድ ነገር አለች፤ እንደገና ነቀነቅኩ።

ተነስቼ ስቀመጥ ቤቱ በዘፈን ተሞላ። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ቤታችን ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ሰውየው ጠንቃቃ ነው፤ ሳይሞክር አይወስድም። የቀኙ ገመድ ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። የሚዘፍነው ግራው ነው።

«የሰው ዕቃ እንዲህ ሲያዝ ደስ ይላል» አለ ሰውየው፤ ነቀለውና ጆንያው ውስጥ ከተተው። ሁለት ሳፋ አስቀምጦ ወጣ።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«ጠየቅኩህ እኮ። ይውሰደው ወይ አልኩህ፣ እሺ አልክ። በዕቁቡ በርሜሉን ልግዛበት ወይ አልኩህ፣ እሺ አልክ።»

አልጋውን ዞራ በቀኜ በኩል መጣችና ተቀመጠች። ከመቼ ጀምሮ በቀኜ በኩል መቀመጥ እንደለመደች ለማስታወስ ሞከርኩ።

«ይኼኛውን ግን እንድትሰማው ነው» አለች። «ጆሮህን መቼ ነው የምትታየው?»

«እሺ» አልኩ።