ትርምስ የተከለከለበት መናኸሪያ

የዚያ መናኸሪያ ሥራ አስኪያጅ እንደ ሌሎች አላዋቂ አለቆች አውቶቡስ በማስተካከል ጊዜያቸውን አላጠፉም። አርቆ አሳቢ ነበሩና ችግሩን ከሥሩ፣ ማለትም ከስሙ ያዙት። "ትርምስ" የሚል ቃል እስካለ ድረስ ትርምስ አይጠፋም አሉና፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች በሚመጡበት ዋዜማ ስብሰባ ጠሩ።

የድምፅ ማጉያው ሠራተኛም ተገኝቶ ነበር። ድምፁ ግቢውን ስለሚያናውጠው ሰው ሁሉ "ነጎድጓድ" ይለዋል፤ ልቡ ግን የጫጩት ነው። ሥራው የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሣ መናገር ነበር። የሚናገረውን ራሱ ብዙ ጊዜ አያምነውም፤ ሕዝቡ ግን ያምነዋል።

ውይይቱ ጥልቅ ነበር። የሰው ሀብት ኃላፊዋ "ግርግር" የግድ ሰው እንደሚፈልግ፣ "ዝብርቅርቅ" ግን ዕቃም እንደሚበቃው አብራሩ። የቴክኒክ ኃላፊው ደግሞ፣ "ምስቅልቅል" የሚባለው ቅጥ የነበረው ነገር ሲበላሽ ነው፣ እኛ ዘንድ ቅጥ ኖሮ ስለማያውቅ ቃሉ አይመለከተንም ሲሉ ተጨበጨበላቸው። "ውጥንቅጥ" ከ"ውዥንብር" ይበልጣል፣ አይበልጥም በሚለው ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮኹ፤ ወንበር ወደቀ፣ ብርጭቆ ተሰበረ፣ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊም ማን ምን እንዳለ ጠፋት። ይህን ምን ብዬ ልጻፈው ብትል "የደመቀ ውይይት" በይው አሏት።

በመጨረሻ ቃላቱ በሙሉ ታገዱ። ከእንግዲህ ትርምስ "ሞቅ ያለ እንቅስቃሴ"፣ ውዥንብር ደግሞ "የአማራጭ መብዛት" ይባላል ተባለ። ነጎድጓድም አብሮ አጨበጨበ፤ የልጆች አባት ነው፣ ምን ያድርግ።

በማግስቱ ጎብኚዎቹ መጡ። ለክብራቸው ዋናው በር ተጠርጎ ተዘጋ፤ ከዚያ ይነሡ የነበሩት አውቶቡሶች እረኛ እንደሌለው ከብት በየበሩ ተበተኑ። የምሥራቁ በምዕራቡ በር ቆመ። ታፔላዎቹም ለእንግዶች እንዲያብረቀርቁ ሊታጠቡ ተነቅለው ነበር።

ከተሳፋሪዎቹ አንዷ የነጎድጓድ አማት ናቸው። ትንሿ ልጃቸው ከሁለት ቀን በኋላ ትዳራለች፤ ከከተማ የተገዛላትን የሙሽራ ቀሚስ እንደ ሕፃን ታቅፈው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው። ጠዋት ሲሸኛቸው፣ ማንንም ሳይጠይቁ የእሱን ድምፅ ብቻ እንዲከተሉ ነግሯቸዋል።

ነጎድጓድ በክፍሉ መስኮት ሲመለከት ነገሩ ገባው። በሮቹ ተደበላልቀዋልና ተጠንቀቁ ሊል አፉን ከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ግን ጎብኚዎቹን አስከትለው ከመስኮቱ ሥር ቆመዋል። ቃሉን ቀየረ።

"ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ ዛሬ በየበሩ የአማራጭ መብዛት ስላለ እንኳን ደስ አላችሁ። በተለመደው በራችሁ ተሳፈሩ።"

አማቱም ባመኑት ድምፅ ተመርተው በተለመደው በር ገቡ። ረዳቱ በዚያ ሞቅ ያለ እንቅስቃሴ መሀል የማንንም ትኬት አላነበበም።

ከቀትር በኋላ ስልክ ተደወለለት።

"ልጄ፣ ደርሳችኋል ውረዱ አሉን" አሉ አማቱ ቀስ ብለው። "እፊቴ ሐይቅ አለ። እኛ አገር ሐይቅ ነበረ እንዴ?"

ነጎድጓድ መጀመሪያ የታየው ሰርጉ ነው። "ቀሚሱስ፣ እማማ?"

"ቀሚሱማ ከኔ ጋር ሐይቁን ያያል።"

እየሮጠ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዶ፣ ለተሳሳቱት ሁሉ አውቶቡስ እንዲላክላቸው ለመነ። ሥራ አስኪያጁ በጥሞና ካዳመጡት በኋላ፣ አማቱ ያልጠየቁትን አገር እንዲጎበኙ ስለተደረገ መሥሪያ ቤቱ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባውም ብለው ወደ ሥራው መለሱት።

ያን ጊዜ ያ የጫጩት ልብ ቆረጠ። ተመልሶ ማጉያውን ከፈተ።

"ወገኖቼ፣ ትርምስ ነው። የቱ የት እንደሚሄድ እኔም አላውቅም፤ በእኔ ድምፅ ተሳስተው ሐይቅ ዳር የቀሩ አሉ። ሹፌሩን ሳትጠይቁ እንዳትሳፈሩ።"

ከዚያ ሰው ሹፌሩን ጠየቀ፤ ሹፌሩም መለሰ። የተሳሳተው ወረደ፣ የወረደው ተሰለፈ። ጀምበር ሳትጠልቅ በዚያ መናኸሪያ ታይቶ የማይታወቅ ሥርዓት ሰፈነ። አንድ ሹፌርም ድምፁን ሰምቶ፣ ማንም ሳያዘው ሐይቅ ዳር የቀሩትን ሊያመጣ ተነሣ። ሙሽራዋ በቀሚሷ ተዳረች፤ ጫፉ ላይ ትንሽ አሸዋ ነበረበት።

ከሰርጉ መልስ ነጎድጓድ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበ። በሰላማዊ መሥሪያ ቤት ውስጥ... ብለው ጀመሩና ቆሙ። ምን ፈጠረ ይበሉ? "ሞቅ ያለ እንቅስቃሴ ፈጥሯል" ቢሉ ሊሸለም ነው፤ "የአማራጭ መብዛት" ቢሉ ደግሞ የደረጃ ዕድገት ሊጠይቅ ነው። ኮሚቴው ብዙ ከተጨነቀ በኋላ እገዳውን ለአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አነሣ። "ትርምስ ፈጥሯል" ተብሎ ተጻፈና ተባረረ።

እነሆ እስከ ዛሬ በዚያ መናኸሪያ መዝገብ የሚታወቀው ትርምስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው የተሰለፈበት ያ ከሰዓት በኋላ።