የአቶ ፍሬን መንገድ መረጣ

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሌላው ተራራ ሲያይ እሱ ከተራራው የሚንከባለለውን ድንጋይ የሚያይ፣ ሌላው ሐይቅ ሲያይ እሱ የሚሰምጠውን ጀልባ የሚያይ፣ ሕፃን ከት ብሎ ሲስቅ ትን እንዳይለው የሚሳቀቅ። "እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም" የሚል ካለ፣ ወይ ቤተሰቡን በደንብ አላየም፣ ወይ ሰውየው ራሱ ነው።

የዚህ ነገድ አለቃ አቶ ፍሬን ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። አቶ ፍሬን የመኪና አሠልጣኝ ናቸው፤ ከተማሪው ጎን ተቀምጠው፣ ከእግራቸው ሥር ያለውን ሁለተኛ ፍሬን እየጠበቁ ዕድሜያቸውን የፈጁ። ተማሪው እግረኛውን ከማየቱ በፊት እሳቸው እግረኛው ከቤቱ ሲወጣ ያውቁታል። አንቱ የምንላቸውም ዕድሜያቸው ገፍቶ አይደለም፤ ያን ሁሉ ስጋት የተሸከመን ሰው አንተ ማለት ስለሚከብድ ነው።

ሥራቸው ቤታቸው ድረስ ተከትሏቸው ገብቷል። ሶፋ ላይ ተቀምጠው ፊልም ሲያዩ፣ ፊልሙ ውስጥ መኪና ከታጠፈ ቀኝ እግራቸው ምንጣፉን ይረግጣል። ታክሲ ውስጥ ፊት የተቀመጡ እንደሆነ ሹፌሩ መንገድ ላይ ሊያወርዳቸው ይዳዳዋል። ንግግራቸው ሁሉ የሚጀምረው በአንድ ዓይነት ነው፤ "እኔ ምንም አላልኩም። ግን…" ይላሉ። ከዚያ "ግን" በኋላ የሚመጣውን ለመስማት ወንበር መሳብ ያስፈልጋል።

ሚስታቸው አዋላጅ ነርስ ናት። ሰው ሁሉ ሲደናገጥ እሷ እጇን ትታጠባለች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሥራዋን ትሠራለች። መኪና ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ የተዋወቁትም እዚያው ነው። የፈተናዋ ዕለት ተፈታኟ ነበረች አሠልጣኙን "አይዞህ" የምትለው። እሳቸው ከአጥሩ ውጭ ቆመው ሲንቆራጠጡ ያያቸው ሁሉ የሚፈተኑት እሳቸው መስለውት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው የአዋላጇ ታላቅ ወንድም ሲሞት ነው። ወንድምዬው ሕይወቱን ሙሉ እንደ ንፋስ የነዳ፣ በመጨረሻ ግን አልጋው ላይ በሳንባ ሕመም ቀስ ብሎ የሞተ ሰው ነበር። ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ቢጫ የስፖርት መኪና ነበረችው። ሲናዘዝ፣ "ለእህቴ ትሰጥልኝ፤ ባሏን ላብ በላብ ታድርግባት" አለ። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ወንድሟ በየዓመቱ፣ "በሚመጣው በጋ ጣሪያውን ከፍተን፣ በተራራው በኩል ሐይቁ ድረስ ይዤሽ እወርዳለሁ" ይላት ነበር። የሚመጣው በጋ ግን ሁልጊዜ የሚመጣ ብቻ ሆኖ ቀረ።

"ዘንድሮ እንሄዳለን" አለች ለባሏ፣ መኪናዋ ግቢያቸው የገባች ዕለት።

አቶ ፍሬን መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩዋት። በር ከፈቱ፤ የኋላ ወንበር ፈለጉ፤ አጡ። "እንሄዳለን" አሉ ቀስ ብለው። "መንገዱን ግን እኔ ልምረጥ።"

እሷም እሺ አለች። ስንት ነገር ያየች ሴት፣ ይህን አላየችም።

ከማግስቱ ጀምሮ የምግብ ጠረጴዛው በካርታ ተሸፈነ። ባልና ሚስት ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መብላት ጀመሩ። ወደ ሐይቁ የሚወስዱት መንገዶች ሦስት ናቸው፤ አንዱ በተራራው፣ አንዱ በጫካው፣ አንዱ በሜዳው። የተራራው ውብ ነው፤ አቶ ፍሬንም አልካዱም። "እኔ ምንም አላልኩም። ግን ውበቱን የሚያይ ሹፌር አስፋልቱን አያይም" አሉ። የጫካው ጥላ አለው፤ ጥላ ካለ እርጥብ ቅጠል አለ፤ እርጥብ ቅጠል ላይ ፍሬን የያዘ ሰው ደግሞ የሚቆመው ዛፉ ሲያቆመው ነው። የሜዳው ቀጥ ያለ ነው። አዋላጇ እፎይ ልትል ስትል፣ "ቀጥ ያለ መንገድ እንቅልፍ ያመጣል" ብለው ካርታውን አጠፉት። ወዲያው ደግሞ ዘረጉት።

ቀጥሎ የመኪናዋ ሆድ ጉዳይ መጣ። ከመሬት የሚርቀው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። አቶ ፍሬን በሰፈሩ ያሉትን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች እየተንበረከኩ በስንዝራቸው ይለኩ ጀመር። የሰፈሩ ፋርማሲስት እንዲህ ጎንበስ ብለው ቢያያቸው አንድ ነገር የጠፋባቸው መስሎት፣ ሱቁን ትቶ አብሯቸው ተንበረከከ። ሁለቱ አስፋልቱን ሲዳብሱ ቆዩ። መጨረሻ ላይ ፋርማሲስቱ፣ "ለመሆኑ ምንድን ነው የጠፋብዎት?" አለ።

"ምንም አልጠፋብኝም" አሉ አቶ ፍሬን። "እንዳይጠፋብኝ ነው።"

ከዚያ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄደው አገር አቋራጭ ሹፌሮችን ጠየቁ። አንዱ ሹፌር ጥርሱን እየፋቀ፣ "በምንድን ነው የምትሄዱት?" አላቸው።

"በስፖርት መኪና።"

"ታዲያ ምን ይጠየቃል? ደስ ባላችሁ በኩል ሂዱ።"

አቶ ፍሬን ቤት የገቡት ፊታቸው ጠቁሮ ነው። "ደስ ባላችሁ በኩል አለኝ" አሉ ለሚስታቸው። "ይሄ ሰውዬ እኮ ሕዝብ ነው የሚጭነው።"

ሐይቁ ዳር ወዳለው ሆቴል ከመደወላቸው ብዛት፣ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ገና ድምፃቸውን ስትሰማ ትቀድማቸው ጀመር። "ደህና አደሩ አባባ፤ የመኪና ማቆሚያው መግቢያ እንደ ትናንቱ ነው። አልተቆፈረም።"

ሌላ ከተማ ባንክ ቤት የምትሠራው ልጃቸው ደግሞ በየሳምንቱ ትደውላለች። "እማዬ፣ መንገዱ ተመረጠ?"

"ሦስት የነበረው አምስት ሆኗል" ትላለች እናት። "አባትሽ ሁለት ጨምሮበታል።"

መጀመሪያ መጀመሪያ ይሳሳቁበት ነበር። ቀናት ሲገፉ ግን የአዋላጇ ሳቅ እያነሰ መጣ። በጋው እየተገባደደ ነው። ከሰዓት በኋላ ላይ ደመና ብቅ ብሎ መመለስ ጀምሯል። አንድ ቀን የልብስ ገመዱ ላይ ያለው አንሶላ ሳይደርቅ ቀረ፤ እርጥቡን አንሶላ ይዛ ሰማይ ሰማዩን አየች። ዝናቡ አንዴ ከገባ ጣሪያ መክፈት የለም፤ ተራራውም አይታለፍም። እንግዲህ በሚመጣው በጋ ማለት ነው። ያችን ቃል በልቧ ስትላት የወንድሟን ድምፅ የሰማች መሰላት። ስንት የጭንቅ ሌሊት ያለፈች ሴት፣ እርጥብ አንሶላ ታቅፋ ግቢዋ መሃል ቆማ ፈራች።

አንሶላውን መልሳ ሰቀለችና መኪናዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። በሹፌሩ ወንበር። ሞተር አላስነሳችም።

አቶ ፍሬን ቤቱን ሁሉ ዞረው ሲያጧት ወደ ግቢ ወጡ፤ አገኟት። በሌላው በር ገቡና አጠገቧ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደረሰ።

"ስማ ሰውዬ" አለች ፊት ለፊቷን እያየች። "ወንድሜ እስኪሞት ድረስ በሚመጣው በጋ ሲለኝ ኖረ። አንተም እንደሱ ልትለኝ ነው?"

አቶ ፍሬን ፊት ለፊታቸው ያለውን አቧራ በጣታቸው ጠረጉ። ከዚያ ባልተለመደ ሁኔታ፣ ያለ "ግን" ተናገሩ።

"ዕድሜዬን ሙሉ የሚነዳው ሌላ ሰው ነው። እኔ ከጎን ነኝ። ተማሪው ቢሳሳት እኔ አለሁ፤ እይዘዋለሁ። እዚህች መኪና ውስጥ ግን የምነዳው እኔ ልሆን ነው። የምትቀመጪው ደግሞ አንቺ ነሽ፤ ካንቺ ሥር ፍሬን የለም። እኔ ብሳሳት ማን ይይዘናል?" እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አሻሹ። "መንገዱ አይደለም ያስቸገረኝ። በየትኛውም መንገድ ብንሄድ አንቺ ጎኔ አለሽ።"

አዋላጇ ዞር ብላ አየቻቸው። ይሄን ሁሉ ጊዜ የተናደደችበት ካርታ ምን እንደነበር ገና አሁን ገባት። ንዴቷ ግን አልበረደም፤ ጊዜ የለማ።

"እንግዲያው እኔ እነዳለሁ" አለች። "አንተ የለመድክበት ተቀመጥ። በተራራው ነው የምንሄደው። ቅዳሜ።"

"ቅዳሜ?"

"ቅዳሜ።"

"እኔ ምንም አላልኩም" አሉ አቶ ፍሬን፤ በእውነትም ሌላ አልጨመሩም።

ቅዳሜ ጠዋት ጣሪያውን ከፍተው ወጡ። አቶ ፍሬን ኮፍያቸውን በሚስታቸው ሻርፕ አገጫቸው ሥር አስረውታል። ዳገቱን እስኪጨርሱ ድረስ ያልፈሩት ነገር የለም። መንገድ ዳር የቆሙትን ፍየሎች ፈሩ፤ ፍየሎቹ ሲያልቁ የት ሄዱ ብለው ፈሩ። ከኋላ የሚመጣውን ፈጣን ሚኒባስ ፈሩ፤ ካለፋቸው በኋላ ወደፊት የሆነ ቦታ ቆሞ ይጠብቀን ይሆናል ብለው ሰጉ። ቢጫዋ መኪና ታጉረመርማለች፤ ንፋሱ ፊታቸውን ይገርፋል። አዋላጇ ሳታስበው ፈገግ ስትል፣ "ሁለት እጅሽን መሪው ላይ" አሏት።

ጫፉን አልፈው ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ጉም ተነሣ። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር፤ ነጭ ነጭ ነገር ከገደሉ እየወጣ መንገዱን ያቋርጣል። ወዲያው መንገዱ ራሱ ጠፋ። መብራት አበራች፤ መብራቱ ጉሙን ይበልጥ አነጣው። አስፋልቱ ረጥቧል። ግራው የተራራ ግድግዳ ነው፤ ቀኙ ደግሞ ባዶ።

ከኩርባው ማዶ ክላክስ ተሰማ፤ ከዚያ ሁለት ትልልቅ መብራቶች መጡ። የጭነት መኪና ነው፤ ኩርባው ስለጠበበው የነሱንም መንገድ ይዞ ነው የሚወጣው። አዋላጇ ፍሬን ረገጠች። ቢጫዋ መኪና ከኋላዋ ተንሸራተተች። ያቺ እጇ የማይንቀጠቀጠው ሴት፣ እጇ መሪው ላይ ደርቆ ቀረ።

"እግርሽን ከፍሬኑ አንሺ" አለ አንድ ድምፅ።

ድምፁን አላወቀችውም። ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል ነበር።

"ማርሽ ቀንሺ። እንዲህ። መሪውን አታፍኚው፣ ላላ አድርጊው። ወደ ቀኝ ትንሽ፤ ቦታ አለሽ፣ እያየሁልሽ ነው። ገና ነው። አትቸኩዪ። ትንፋሽሽን አውጪ። ገና ነው። አሁን ልቀቂያት፤ ትሂድ።"

የጭነት መኪናው ጎማ ከጆሮዋ እኩል እየተሽከረከረ አለፈ። ጣሪያ ስላልነበራቸው የጎማው ጭቃ ሁለቱንም ፊታቸው ላይ ረጫቸው። ከዚያ ጸጥ አለ።

ትንሽ ወርዳ፣ መንገዱ ሰፋ የሚልበት ጋ አቆመች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከመሪው አላቀቀች። ያን ድምፅ የት እንደምታውቀው አሁን ገባት፤ የራሷ ነው። ምጥ ላይ ላሉ እናቶች ስትናገር የምትናገረው እንደዚያ ነው። ባሏን አየቻቸው። አቶ ፍሬን ሻርፑን ፈትተው ጭቃውን ከመነጽራቸው ላይ እየጠረጉ ናቸው። እጃቸው ፍጹም የረጋ ነው።

"አልፈራህም?" አለች።

"መቼ?"

"አሁን ነዋ።"

አቶ ፍሬን የምር አሰቡበት። "ይሄን ኩርባ እኮ ቤት ቁጭ ብዬ ስንቴ ፈርቼዋለሁ" አሉ። "ጉሙንም፣ መኪናውንም። እዚህ ስደርስ ምን ተረፈኝ?"

አዋላጇ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ባሏ መሃረባቸውን ሰጧትና ወደ ሌላ አቅጣጫ አዩ። እዚያው እንደተቀመጡ ጉሙ እንደ መጋረጃ ወደ ላይ ተነሣ፤ ታች፣ በጣም ታች፣ ሐይቁ ተገለጠ። ሰፊ ነው፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ፀሐይ ያረፈበት። ወንድሟ ያየው ይሄን ነው። ሊያሳያት የፈለገውም ይሄን ነው። ሁለቱም ሐይቁን ብዙ አዩት። በመጨረሻ አቶ ፍሬን፣ "መውረዱን እኔ ልንዳ?" አሉ፤ እሷም ወረደችላቸው። ኤሊ በሚያፍርበት ፍጥነት ነዷት፤ ከኋላቸው የተሰለፉት መኪኖች ሁሉ ክላክስ እያሰሙ፣ ሐይቁ ዳር ደረሱ።

ማታ ላይ ልጃቸው ደወለች። አዋላጇ ስልኩን ይዛ በረንዳ ላይ ነበረች፤ አቶ ፍሬን አጠገቧ ሸራ ወንበር ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ ግንባራቸው በፀሐይ ቀልቶ፣ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል።

"ደረሳችሁ? እንዴት ነበር መንገዱ? አባዬ በጣም አስቸገረሽ?"

"በጣም" አለች እናት።

"አውቄዋለሁ። በቃ በሚቀጥለው እኔን ይዘሽ ሂጂ። እኔ እንደሆንኩ ከተቀመጥኩ ዝም ነው፤ ወሬ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ።"

አዋላጇ ባሏን አየቻቸውና እንዳይነቁ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አይ ልጄ" አለች። "ዝም የሚል ሰው ምን ያደርግልኛል?"