አለቃ መርማሪው ጋሼ

በየቤተሰቡ ገበያ ወጥቶ ዕቃውን ሳይሆን ነጋዴውን የሚያገላብጥ አንድ ሰው አይጠፋም። ሐብሐብ ሲገዛ እንኳ ሐብሐቡን ትቶ ሻጩን ዓይን ዓይኑን እያየ፣ "አንተ ራስህ ትበላዋለህ?" የሚል። የታሪካችን ልብስ ሰፊ ይህን ሰው ፍለጋ አልደከመም፤ ሚስት ሲያገባ አብረው መጡለት። የሚስቱ አጎት ናቸው። ፊት ለፊት "ጋሼ" ይባላሉ፣ ዘወር ሲሉ "ክቡር መርማሪ"።

ክቡር መርማሪ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ዘመድ አዝማዱን ስለ አክሲዮን መምከር ነው፤ በተለይ ስለ ትንንሾቹ ማዕድን ፈላጊ ኩባንያዎች። እነዚህ ትንንሾች ማዕድኑን ቢያገኙም ቆፍሮ ለማውጣት አቅም ስለሌላቸው፣ አንድ ትልቅ ኩባንያ በሽርክና ይገባና ሥራውን ይመራላቸዋል። ሌላው ሰው ከመሬት በታች ስላለው ነገር ይጨነቃል። ጋሼ ግን፣ "ወርቁ የት ይሄዳል? መጀመሪያ ሰውየውን አሳዩኝ!" ይላሉ። ሰውየው ማለት የትልቁ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ነው።

አንዱን በቴሌቪዥን አይተው፣ "ጋዜጠኛዋን አላስጨርስ አላት፤ ትንሹን ኩባንያማ አፉንም አያስከፍተው" ብለው ጣሉት። ሌላውን ለማየት ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት ጃንጥላ ዘርግተው ቆመው አረፈዱ፤ የዘበኛውን ሰላምታ ሳይመልስ ስላለፈ እሱም ወደቀ። ሦስተኛው ምንም እንከን አልተገኘበትም። "እንዲህ ያለው ነው የሚያስፈራው" አሉና እሱንም ሰረዙት።

ልብስ ሰፊው በሌላ ሰው ሱቅ ውስጥ አንዲት ጥግ ተከራይቶ ነው የሚሠራው። የራሱን ሱቅ ለመክፈት ያጠራቀማት ጥሪት አልበቃ ብትለው፣ እንድትወልድለት አንድ መዳብ ፈላጊ ኩባንያ ላይ ሊያውላት ቋመጠ። ከከሰረ ሱቁን በሕልሙም አያየው። ኩባንያው ከትልቁ ሸሪኩ ጋር ሆኖ አክሲዮን ገዢዎችን ለገለጻ ሲጠራ፣ ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው ሳይጠሩ ተከተሉት።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ የናሙናውን ድንጋይ እየተቀባበለ ሲያደንቅ፣ ጋሼ ድንጋዩን ሳያዩት ለጎረቤታቸው አሳለፉና እጃቸውን አወጡ።

"ጌታዬ፣ ከዚህ በፊት ከእናንተ ጋር የተሻረኩት ትንንሾች ዛሬ የት ናቸው?"

የትልቁ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ፈገግ አለ። "ሁሉም የቤተሰባችን አካል ሆነዋል፣ አባቴ።"

"በሕይወት አሉ ወይ ነው ያልኩት።"

አዳራሹ በሳቅ አወካ። ልብስ ሰፊው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሥራ አስኪያጁ ግን መልሱን ዘሎ፣ "ሌላ ጥያቄ?" አለ። ጋሼ ኮታቸውን ቆለፉና ተነሡ፤ ልብስ ሰፊውም አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ንዴቱ መንገድ ላይ ፈነዳ።

"ጋሼ፣ ለመሆኑ እርስዎ አንድ አክሲዮን ገዝተው ያውቃሉ?"

"የሚታመን አለቃ ሳጣ ምን ብዬ ልግዛ!"

"እንግዲህ የእኔ ሱቅ በዚሁ ቀረ!"

ጋሼ ጥቂት ተራመዱና ቆሙ። "አንተን ግን አይቼሃለሁ" አሉ። "የተረፈች ቁራጭ ጨርቅ እንኳ ጠቅልለህ ለባለቤቷ ትመልሳለህ። የእኔም ገንዘብ ዝም ብሎ ተኝቷል። ባንተ ጥሪት ላይ ልጨምረውና ሱቁን አብረን እንክፈተው።"

ልብስ ሰፊው ደስ ብሎት ሳያበቃ ፍርሃት ያዘው። ትንሹ ሸሪክ እሱ፣ ትልቁ ጋሼ ሊሆኑ ነው።

"ሥራውን ማን ይመራዋል?"

"እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ?"

ከነገ ጀምሮ ምን እንደሚጠብቀው አላጣውም፤ የክሩ ነጋዴ ይመረመራል፣ ልብስ ተኳሹ ይመረመራል። ግን በዚያ ሁሉ ሰው መሃል፣ የእሱ ጥሪት እንዳትበላ ብለው የተሳቀባቸው እኚህ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። እንደሚወዳቸውም ያን ጊዜ ገባው።

"እሺ ጋሼ። ደንበኞቼን ግን እንዳይመረምሩብኝ።"

"ኧረ ደንበኛ ንጉሥ ነው፣ ማን ይነካዋል!" አሉ ጋሼ ፊታቸው በርቶ። "አከራያችንን ግን ከመፈረማችን በፊት ምሳ ሲበላ ልየው።"

ልብስ ሰፊው እየሳቀ ክንዳቸውን ይዞ መንገዱን አሻገራቸው።