የፈልፋዮቹ ማመልከቻ

«ሌላስ?» የሚለውን ቃል ማን እንደፈጠረው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ስልክ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ቃል አይመስለኝም። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች፣ በመካከላቸው ስንት ተራራ እያለ፣ ስለ ጤና ይጠያየቃሉ፣ ስለ ዝናብ ይጠያየቃሉ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ደኅንነት በየስሙ ያዳርሳሉ፤ ሲጨርሱ አንዱ «ሌላስ?» ይላል። ሌላው «ሌላ ምንም» ይላል። ከዚያ ሁለቱም ዝም ይሉና ዝምታውን በኔትወርክ ያሳብባሉ። እናንተም ብላችሁት ታውቃላችሁ። ትርጉሙ «ወሬ አልቆብኛል፣ አንቺን ግን አልጠገብኩም» ማለት ነው። እንዲህ ብሎ በግልጽ መናገር ደግሞ በእኛ አገር አልተለመደም።

እኔና ልጄ ሰናይት ሦስት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ እየተደዋወልን በ«ሌላስ» ኖረናል። እሷ አዲስ አበባ አንድ የኮምፒውተር መሥሪያ ቤት ትሠራለች። እኔ ሰቆጣ ፍርድ ቤቱ አጥር አጠገብ ካለችው ግራር ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ከጋዝጊብላ የድንበር ክርክር ይዞ የሚመጣው፣ ከአበርገሌ ፍየሎችህ የሰው ማሽላ በሉ ተብሎ የተከሰሰው፣ ሁሉም እኔ ዘንድ ይቀመጣል። አንዳንዱ ብሶቱን በኽምጣኛ ይነግረኛል፤ አልቅሶ ሲጨርስ እኔ በአማርኛ «ለደረሰብኝ በደል» ብዬ አሰፍርለታለሁ። ያን ሁሉ እንባ በሦስት ቃል። የጽሕፈት ሥራ ጭካኔው ይህ ነው።

እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚናገር ነገር ቢኖር ሬዲዮ ነው፤ እሱም ባትሪው ሲደክም ይንተባተባል። ብቸኛ ነኝ። ይህን ለማለት አላፍርም፤ የሰው ብሶት ስጽፍ ውዬ የራሴን ብደብቅ ትዝብት ነው። ሰናይት ሰቆጣ ሳለች አንቱ ነበር የምትለኝ። አዲስ አበባ በገባች በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን በስልክ «አባዬ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ። ሌላ ሰው የጠራች መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። የከተማ ሰዎች አንተ መባባል ያቀራርባል ይላሉ። ይሁን ብዬ ተቀበልኩ፤ የቀረበኝ ነገር ግን አልነበረም።

እንዲህ እያለን፣ ባለፈው ክረምት ዋዜማ አንድ እሑድ ደወለችና ገና «ሌላስ» ላይ ሳንደርስ፣ «አባዬ፣ አንድ ማመልከቻ ጻፍልኝ» አለች።

«ማን በደለሽ?» አልኳት። የሙያ ነገር ነው፣ ከአፍ ቀድሞ ይወጣል።

«እኔን አይደለም። ድዋርፎቹን ነው።»

የየትኛው ቀበሌ ሰዎች እንደሆኑ ጠየቅኋት። እስኪበቃት ሳቀች፤ ያን ሳቅ ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር። ከዚያ አስረዳችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት እሷና አራት የሥራ ባልደረቦቿ ጠረጴዛ ከበው የምናብ ጨዋታ ይጫወታሉ። እያንዳንዱ አንድ የሌለ ሰው ይሆናል፤ የጨዋታ መሪ የሚባለው ደግሞ የሌለውን አገር ያስተዳድራል። ዳይስ የሚሉትን ሃያ ፊት ያለው የዕጣ ጠጠር ይጥላሉ፤ ከቀናቸው ዘንዶ ይገድላሉ፣ ካልቀናቸው ዘንዶው የራሱን ሥራ ይሠራል። እሷ የሆነችው ከድዋርፎች ወገን ነው፤ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ጢማቸው የበዛ፣ ተራራ ፈልፍለው ውስጡ የሚኖሩ። እኔ ፈልፋዮች አልኳቸው፤ ስሙም ጸደቀላቸው። ችግሩ፣ ልጄ ፈልፋይ ሆና ሳለ ድሩይድ መሆን አማራት። ድሩይድ ስትለኝ መጀመሪያ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ከሚለው ጋር የተያያዘ ነገር መስሎኝ ነበር። ለካ ከዛፍ ጋር የሚነጋገር፣ ዝናብ የሚጠራ፣ አራዊት የሚታዘዙለት አዋቂ ነው። የጨዋታው መጽሐፍ ፈልፋይ የሚያውቀው ድንጋይና ብረት ብቻ ነው ይላል፤ መሪውም «አይሆንም፣ ከቻልሽ በጽሑፍ አሳምኚኝ» ብሏታል።

በጽሑፍ! እናንተ ብትሆኑስ? ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰው በጽሑፍ ሳሳምን ኖሬ፣ የገዛ ልጄ ሙያዬን ስትፈልገው የመጀመሪያዋ ነበር። ጉዳዩን እንደዚያ ደስ ብሎኝ ይዤ አላውቅም። በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ተደዋወልን፤ አንድም ጊዜ «ሌላስ» አልተባለም።

ነገሩን ሳስበው ደግሞ ፈልፋዮቹ እውነት አላቸው። እስኪ የእኛን አገር ተመልከቱ። ተራራው ራቁቱን ነው፤ ዛፍ የምታዩት ቤተ ክርስቲያን ባለበት ብቻ ነው። ከዚያ መሐል ደግሞ ከአንድ አለት የተፈለፈሉ አሉ። አለቱን የፈለፈለው ሰው መሮውን ይዞ ሲወጣ አጠገቡ ያለችውን ወይራ አልነካትም። ለምን? ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲወቅር የዋለ ሰው የጥላን ዋጋ ከማንም በላይ ስለሚያውቅ ነው። ደግሞስ ሥር ምንድን ነው? መሮ ሳይዝ አለት የሚፈለፍል እሱ አይደለም? ዛፍና ፈልፋይ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ ወደ ላይ በቅሎ ሌላው ወደ ታች ገብቶ ተጠፋፉ እንጂ።

አስማቱም ቢሆን ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ቄሱ ስለ ዛፉ «ግዝት ነው» ካሉ መጥረቢያ የያዘ እጅ ይታሰራል። ዘበኛ የለ፣ አጥር የለ፤ አንድ ቃል ብቻ። ልብሱንም አሰብኩበት። በነሐሴ የእኛ ልጃገረዶች ለምለም ሳር ወገባቸው ላይ አስረው ሲጨፍሩ ሳሩም ሻደይ፣ በዓሉም ሻደይ ነው የሚባለው። ሰናይት ራሷ ታስር ነበር። ፈልፋይ የብረት ልብሱን አውልቆ ሳር ቢታጠቅ ምን ይከለክለዋል?

ይህንን ሁሉ በደንቡ መሠረት ጻፍኩት። «ጉዳዩ፦ የዛፍ ጠባቂነት ሥልጣን ስለመጠየቅ። እኛ አመልካቾች በተራራ ውስጥ ነዋሪ የሆንን ፈልፋዮች ስንሆን፣ ከዛፍ ጋር ያለን ዝምድና በመጽሐፉ ሳይገለጽ በመቅረቱ…» እያልኩ ሁለት ገጽ ሞላሁ። እዚያ ላይ ብዕሬን ማስቀመጥ ነበረብኝ። አላስቀመጥኩም። በመጨረሻ እንዲህ ጨመርኩ፦ «ሆኖም ዛፉን ትቶ ከአገሩ የወጣ ጠባቂ ኃይሉ ይለየዋል።»

ይህችን መስመር ለፈልፋዮች ብዬ አልጻፍኳትም። ልጄ ሦስት ሻደይ አልፎባታል። «ነይ» ብዬ ተናግሬ አላውቅም፤ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ተብሎ ያደገ ሰው እንዴት ብሎ ይናገራል? በማመልከቻ ጫፍ ላይ ሸጎጥኩት።

ማመልከቻው ጸደቀ። መሪው በተለይ የመጨረሻዋን መስመር ወደዳት አሉ፤ ኃይል ያለ ጣጣ አይጥምም ብሎ። ችግሩ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣ። የሰናይት ባልንጀሮች ባሕር ተሻግረው ዘንዶውን ሊገጥሙ ተነሡ። የእሷ ፈልፋይ መሄድ አይችልም፤ ከሄደ ባዶ እጁን ነው። ዛፉ ሥር ተቀመጠ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ተሳሳቁ። በሁለተኛው ቅዳሜ ሰናይት ሻይ ስትቀዳላቸው ዋለች። ሦስተኛው ካለፈ በኋላ ደወለችልኝ።

«አባዬ፣ ልተወው ነው።»

«ምኑን?»

«ጨዋታውን። ሁሉም ይሄዳሉ፣ እኔ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ አያለሁ። ምን እንደሚመስል አታውቀውም።»

ቀና ብዬ ግራሬን አየኋት። «አላውቅም» አልኩ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ልጄን በአንዲት መስመር ወደ ሰቆጣ ልስባት ብዬ፣ የነበረንንም ወሬ ላጣው ነው። ጨዋታውን ከተወች ወደ «ሌላስ» እንደምንመለስ ሁለታችንም እናውቃለን። ከሁሉ የከበደኝ ግን ድምፅዋ ነበር። የታሰረ ሰው ድምፅ በየቀኑ እሰማለሁ፤ ያሰርኩት ሰው እኔን አቤት ሲለኝ ግን ሰምቼ አላውቅም።

በማግስቱ ሥራዬን ዘግቼ ቄስ ሞገስ ዘንድ ሄድኩ። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ከነጽዷና ከነወይራዋ ያቆዩ፣ ዕድሜ የጠገቡ ካህን ናቸው። ወይራው ሥር መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጨዋታ መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ እሳቸው ግን ፈልፋዮቹ የት ወረዳ እንደሆኑና ታቦታቸው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። አዘኑላቸው።

«አባቴ፣ ዛፍ የሚጠብቅ ሰው ዛፉን ትቶ መንገድ መሄድ አይችልም እንዴ? ግዝቱ አይፈርስም?» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ እኔ እርሻ የለኝም? ልጆች የሉኝም? ባለፈው ወር ለለቅሶ ኒሯቅ ድረስ ወርጄ አልነበረም?»

«ታዲያ ቤተ ክርስቲያኑንስ?»

«ሰሞነኛ አለ እኮ። የአንዱ ሰሞን ሲያልቅ ሌላው ይገባል። ሰሞነኛ ሳለህ ከዚህ ንቅንቅ የለም። ሰሞንህን ስታስረክብ ደግሞ ሂድ፤ የፈለግህበት ሂድ። ይህን ያህል ዘመን ያቆየነው በአንድ ሰው ትከሻ መስሎህ ነው? አንድ ሰው ብቻውን ከጠበቀውማ፣ እሱ ሲያርፍ ዛፉም አለቀለት።»

ሰሞነኛ! ስንቴ የሰማሁት ቃል፣ ቅዳሴ ባስቀደስኩ ቁጥር ፊቴ የሚቆም ሰው። ማመልከቻውን ስጽፍ ግን አልታየኝም፤ ምናልባት እንዲታየኝ አልፈለግሁም።

ተመልሼ ግራሬ ሥር ተቀመጥኩና ይግባኙን ጻፍኩ። «የሥር ማመልከቻ ጸሐፊ በስሕተት፣ እንዲሁም በግል ጥቅም ተገፋፍቶ ያሰፈረው የመጨረሻ መስመር እንዲሻሻልልን። የዛፍ ጠባቂነት በሰሞን የሚፈጸም አገልግሎት ስለሆነ፣ ሰሞኑን ለተተኪ ያስረከበ ጠባቂ ኃይሉን ይዞ ወደ ፈለገበት እንዲሄድ ይፈቀድለት።» በስልክ ሳነብላት «በግል ጥቅም» የሚለው ላይ ስደርስ ፀጥ አለች። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

መሪው ጠንቃቃ ሰው ነው፣ ዳኛ መሆን ነበረበት። ተተኪው ማን እንደሆነ ካልተጻፈ አልቀበልም አለ። እኔም ከታች ጨመርኩ፦ «ተተኪ ሰሞነኛ፦ የአመልካች አባት። ሥራ፦ ማመልከቻ ጸሐፊ። አድራሻ፦ ሰቆጣ፣ ዛፍ ሥር።» ጠረጴዛው ዙሪያ ተሳሳቁ አሉ። ጸደቀ።

በቀጣዩ ቅዳሜ የልጄ ፈልፋይ ሳሩን ታጥቆ ባሕር ተሻገረ። ያን እሑድ ስልክ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ዘንዶ ያለበት አገር ኔትወርክ አይኖርም ብዬ ለራሴ ቀለድኩ፤ ቀልዱን የሚሰማኝ ስላልነበረ ብዙም አላሳቀም። ጉዳይ አሸንፌ እንደዚያ ከፍቶኝ አያውቅም። ያም ሆኖ ብትጠይቁኝ ይግባኙን ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ እንዲያውም የእጅ ጽሕፈቴን አሳምሬ።

በሦስተኛው ሰኞ አንድ የአበርገሌ ሰው ስለ ፍየሎቹ እየነገረኝ ሳለ ስልኬ አንድ ጊዜ ጮኸች። የጽሑፍ መልእክት ነበር፤ ከሰናይት።

«አባዬ፣ ይግባኙን ደግሜ አነበብኩት። የእርስዎ ሰሞን መቼ ነው የሚያልቀው?»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና እንደገና አነበብኩት። አንቱ ብላኛለች፤ በምሳሌ «ይምጡ» ማለቷም ነው። ባለ ፍየሉ የሞተብኝ ሰው ያለ መስሎት ወሬውን አቋረጠ። ማመልከቻ ጸሐፊ መልስ አያጣም ይባላል፤ የስንቱን ጥያቄ ስመልስ የኖርኩ ሰው ለዚህች አንዲት መስመር የሚሆን ቃል ፍለጋ ግራሯ ሥር ብዙ ተቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ የማውቃትን አንዲት ቃል ጻፍኩላት።

«ሌላስ?»