ከባንዱ የተባረሩት መሥራች

በዓለም ላይ ያለ የሄቪ ሜታል ባንድ ሁሉ ከሁለት ዓይነት ሰዎች የተሠራ ነው፤ ከሚለቁ አባላትና ከማይለቁ አንድ ክቡር መሥራች። አባላቱ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ መሥራቹ እንደ ግድግዳ ሰዓት ተሰቅለው ይቀራሉ።

የእኛ ሕንፃ ክቡር መሥራች ፍሪጅ ጠጋኝ ናቸው። ከክፍሌ ሥር ባለው ወርክሾፓቸው፣ በተገነጣጠሉ ፍሪጆች መካከል ቆመው ቤዝ ጊታራቸውን ሲመቱ የእኔ ብርጭቆዎች ከመደርደሪያ ይወርዳሉ። የመጀመሪያው ድምፃዊ አግብቶ ሄደ። ሁለተኛው ጉሮሮው ቢያስቸግረው የሒሳብ ሠራተኛ ሆነ። አንዱ ጊታሪስት በልምምድ መሀል ሲጋራ ልግዛ ብሎ እንደወጣ ነው።

"ደግሞ ማን ሄደ?" እላቸዋለሁ ደረጃው ላይ ሳገኛቸው።

"ሰው ይሄዳል፣ እትዬ። ባንዱ አለ።"

ባለፈው ወር ግን ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። መሥራቹ ራሳቸው ተባረሩ። ያባረሯቸውም እሳቸው በየተራ ያመጧቸው ሦስት ልጆች ናቸው።

"ጋሼ፣ እንዳይቀየሙን፤ ሁልጊዜ ከምቱ ይዘገያሉ" አለቻቸው ከበሮ መቺዋ። ቀን ቀን ነርስ ናትና ክፉ ነገር በለሰለሰ ድምፅ መናገር ታውቅበታለች።

በማግስቱ ያየሁት ይብስ ነበር። ባንዱ የሚለማመድበት ወርክሾፕ ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነውና፣ ላባረሯቸው ልጆች በሩን ከፍተው አስገቡና ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

"ባንዱ አለ" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ምትክ የሚመረጥበት ቀን ደረሰ። አድልዎ እንዳይኖር ተወዳዳሪዎቹ ከትልቁ ፍሪጅ ጀርባ ተሸሽገው ከባንዱ ጋር ቤዝ እንዲጫወቱ ተወሰነ። ዳኛ ደግሞ እኔ ሆንኩ፤ እነዚህኑ ሰዎች በጫጫታ ስከስ የኖርኩት እኔ።

"ከእርስዎ በላይ ያዳመጠን የለም፣ እትዬ" አለች ነርሷ።

የመጀመሪያው ተወዳዳሪ እንከን አልነበረውም። እንደ አዲስ ፍሪጅ፣ ቀዝቃዛና ትክክለኛ። ሁለተኛው ቀጠለ። ከበሮው ሲመታ ቤዙ የለም። ከዚያ፣ ሌሎቹ መሣሪያዎች ሁሉ ካለፉ በኋላ፣ ያ የለመድኩት የቤዝ ድምፅ መጣ። ቁልቁል ስመለከት፣ ለካ እግሬ ምቱን ሊረግጥ ተነሥቶ እስከዚያ ድረስ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቆይቷል። ከምንም በላይ ያስደነገጠኝ የገዛ እግሬ ነው።

"ሁለተኛው" አልኩ።

"እሱ እኮ ዘገየ" አለ ከሦስቱ ልጆች ጊታሪስቱ።

"አውቃለሁ። ስጠብቀው ነበር።"

ሦስቱ ተያዩ። ነርሷ የከበሮ ዱላዋን አነሣች። ከፍሪጁ ጀርባ አንድ የማውቀው ሳል ተሰማ።

"እትዬ፣ እንግዲህ ብርጭቆዎቹን ያውርዷቸው።"