ወይን ለመቅመስ የተደረገ ልምምድ

ከጉዞው ይልቅ በዝግጅቱ የሚደሰት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ጎባዎች አቶ ደረጀ አሉን። ዝዋይ ወርደን፣ ከወይን እርሻው መካከል ቆመን የወይን ጠጅ እንድንቀምስ ሚኒባስ ኮንትራት ሊይዙልን ተነሡ። አስቀድሞ ግን ሥርዓቱን መልመድ ነበረብን። ለካስ የሠለጠነ ቀማሽ ይተፋል እንጂ አይውጥም! ያልሠለጠነ ጉሮሮ ይዞ መውረድ ለባሌ ምን ያህል ውርደት ነው?

ልምምዱ በወይዘሮ ጫልቱ ጠጅ ቤት ሆነ። አቶ ደረጀ ብርሌውን አሸተቱ፣ ተጎነጩ፣ ተጉመጠመጡ፤ ከዚያም በታላቅ ክብር ጣሳ ውስጥ ተፉት። በእኛ አገር ጠጅ የሚተፋ ሰው፣ ጠጁ ተበላሽቷል ብሎ መመስከሩ ነው። ደንበኞች ብርሌያቸውን አስቀምጠው መነሣት ጀመሩ።

ወይዘሮ ጫልቱ በሩን ያዙ።

«ኦቦ ደረጀ! የሪራ ጫካ ማር ነው እኮ! ስሜን ተፍተው የት ሊሄዱ?»

«እመቤቴ፣ ቀማሽ አይውጥም…»

«የማይውጥ በሽተኛ ነው! ሰው ሁሉ እያየ ይጠጡልኝ!»

ጠጡ። አስደገሟቸው፤ አሠለሷቸው። ደንበኞቹም አንድ በአንድ ተመልሰው ተቀመጡ፤ የቤቱ ስም ዳነ።

ቀማሻችንን ግራና ቀኝ ደግፈን ከገዛ ደጃቸው ስናደርሳቸው፣ ሚስታቸውን በትሕትና እጅ ነሥተው፣ «ዝዋይ ገባን እንዴ?» አሉ።

ገብተናል አልናቸው።